ወደ ግራ ያጋደለ ምስማር

መስከረም 14

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ጣሪያዎ ያልተነካ፣ መዶሻዎ ከአጠገብዎ ያልራቀ ይሁን። እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ፖስታ ቤቱ ወደ እናንተ የሚሄድ ደብዳቤ አልቀበልም ካለ ዓመት ስላለፈው፣ ይህንን የላክሁት በከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንድ የወርቅ ጥርስ ስላለው ወርቁ እንለዋለን፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ከሥራ ቦታችን ጭኖ ድንበር አቋርጦ እስከ እናንተ ከተማ ይደርሳል። ሌላው መንገድ ሁሉ ተዘግቷል፣ የእሱ ብቻ ክፍት ነው።

ሥራ አገኘሁ። ሳጥን መምታት ነው። «አልጋና ቁም ሳጥን አስተምሬሽ ሳጥን ትመቺያለሽ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ይስሙ። አለቃችን ያለቀለትን ሳጥን አሸዋ ይሞላና ከመኪና ላይ ይጥለዋል። ከፈረሰ የሠራው ሰው ቀኑን በነፃ እንደ ዋለ ይቆጠራል። የብዙዎቹ ማዕዘኑ ይፈታል። እኔ እርስዎ ያስተማሩኝን ማዕዘን ሠራሁ፤ ጣውላዎቹ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች የሚጠላለፉበትን፣ ምስማሩ አጋድሎ ገብቶ ጫፉ ታጥፎ እንጨቱ ውስጥ የሚቀበርበትን። ሦስት ጊዜ ጣለው፣ ንቅንቅ አላለም። ማመስገን የማያውቀው ሰውዬ ዞሮ ዞሮ አየውና «ይህንን ለሁሉም አሳዪ» አለኝ።

አሁን አርባ ሰው የእርስዎን ማዕዘን ይመታል። «የአጎቷ» ነው የሚሉት። የእኔ የሚለየው በግራ እጄ ስለምመታ ምስማሬ ወደ ግራ ማጋደሉ ነው። እጄን በመለኪያ ስንት ጊዜ የመቱኝ ለዚሁ ነበር፤ አልተውኩም።

ሳጥኑ የገበሬ የውሃ ፓምፕ ማስጫኛ ነው። ፓምፑ የሚገባው ሌላ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እኛ እዚያ አንገባም። የደም ግፊት መድኃኒትዎን በወርቁ ልኬያለሁ። ልጅዎ ሚጢጢና ልጆቿ እንዴት ናቸው? ጦርነቱስ በሬዲዮ እንደሚወራው ነው?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለግራኟ፣

ከመላጊያ አቧራ ጋር የተቀላቀለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ እጅሽን ከመጋዝ፣ ልብሽን ከክፉ አለቃ ይጠብቅልኝ።

አርባ ሰው የእኔን ማዕዘን ይመታል አልሽ። እኔ እዚህ በሠላሳ ዓመት ሦስት ተማሪ ለማውጣት ጥርሴ ረገፈ፣ አንቺ በሳምንት አርባ አስተማርሽ። ደብዳቤውን ለፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሦስተኛውን ስጀምር ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ «እንግዲህ ዝም በል» አለኝ። ግራኝነትሽን ግን አሁንም ይቅር አላልኩም።

ስለ ጦርነቱ ጠይቀሻል። እኛና ላይኛው ከተማ ስንጣላ የኖርነው የአውቶቡስ መናኸሪያው ከወንዙ ወዲህ ይሠራ ወይስ ወዲያ በሚል እንደሆነ ታስታውሻለሽ። ቢበዛ ድንጋይ ተወራውረን ሁለት ወር እንኮራረፍ ነበር። ያው ጠብ ዛሬ መድፍ አለው። የእነሱን መድፍ የሚያቀርበው ባለቢጫው ጆንያ ነው፣ የእኛን ባለነጩ። አገሮቹን በሚልኩት የዱቄት ጆንያ ነው የምጠራቸው፤ ዱቄቱ ይቀድማል፣ መድፉ ይከተላል። ባለቢጫው የባሕር ወደብ ይፈልጋል አሉ። ባለነጩ ደግሞ ባለቢጫው ወደብ እንዳያገኝ ይፈልጋል። በሁለቱም ከተማ ወደብ አይቶ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ። በመናኸሪያ የተኮራረፍነውን ሰዎች አምጥተው በወደብ አዋጉን። ለዚህ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ክንፍ አውጥተው የሚያጨበጭቡ የእኛው ሰዎች ሞልተዋል።

ባለነጩ አንቺ ያለሽበት አገር ነው። አልወቅስሽም፤ ደሞዝ የሚከፍልሽን አገር እኔ አልመረጥኩልሽም።

ሚጢጢ ከወንዙ ወዲያ፣ ላይኛው ከተማ ከነልጆቿ አለች። የሁለት ልጆች እናት ሆና ሚጢጢ ማለቴ ያስቃል፤ ለእኔ ግን ከአንቺ ጋር በአንድ ሳህን ስትሻማ የነበረችው ናት። አስተማሪው ባሏን ግንባር ወስደውታል። ድልድዩ ተዘግቷል፣ ሐሙስ ሐሙስ የእርዳታ ድርጅቱ ነርስ ብቻ ትሻገራለች። መልእክት የምንለዋወጠው በእሷ ነው። የእኛ ሰዎች መድፋቸውን የተከሉት ከቤቴ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ሲተኩስ በጣሪያዬ ላይ ያልፋል። በረንዳዬ ላይ ስቆም የሚጢጢ ጣሪያ ይታየኛል። የመድፉ ቅምቡላ እስኪወድቅ አሥራ አንድ እየቆጠርኩ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ጣሪያው በቦታው ካለ እተነፍሳለሁ። ቀኑ በዚህ ያልቃል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ለእኔ አትድከሚ። ለሚጢጢና ለሁለቱ ልጆች የጥሪ ወረቀት አውጪላቸው። ከዚያ ከወጡልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አጎትሽ አናጺው

ኅዳር 28

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ቀንዎ ሰላም፣ ጣሪያዎቹ ሁለቱም በቦታቸው ይሁኑ።

የጥሪ ወረቀቱን ነገር ኢሚግሬሽን ሄጄ ጠየቅሁ። ሦስት ቀን ተሰለፍኩ፤ ወንበር የለም፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። የተነገረኝ ይህ ነው። ከቀጣሪዬ ዋስትና ማምጣት አለብኝ። ቀጣሪዬ ዋስትና የሚሰጠው የሁለት ዓመት ውል ለሚፈርም ሠራተኛ ነው። ፓስፖርቴ እነሱ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ሥራውን ከተውኩ በእኔ ስም የገባ ሰው ሁሉ በሠላሳ ቀን ወደ መጣበት ይመለሳል።

ሰኞ ፈረምኩ። ከዚያ በፊት ከእኛ ጋር ከምትሠራ አንዲት ሴት ጋር ትንሽ ቤት ተከራይተን ወንበርና ጠረጴዛ ልንሠራ ተነጋግረን ነበር። ለእርስዎ ሠርቼ ላሳይዎት ስለፈለግሁ አልነገርኩዎትም። እሷ ብቻዋን ጀመረች። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽዎትም። ግን ሚጢጢን ሳስበው ነገሩ ይቀልልኛል።

ሥራው በእጥፍ ጨምሯል። በቀን ሠላሳ እመታ የነበርኩት አሁን ስልሳ ነው። የገበሬው ሁሉ ጥማት በአንድ ጊዜ የመጣ ይመስላል። ሚጢጢን «ወረቀቱ ተጀምሯል፣ የልጆቹ ጫማ ጠበበ ብለሽ አታስቢ፣ እኔ እገዛለሁ» ይበሉልኝ።

አክባሪዎ

የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አለሁ። መልሴ የዘገየው ወርቁ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ።

የምጠይቅሽ አለኝ። የምትመቱት ሳጥን ርዝመቱ ስንት ነው? ውስጡ ግማሽ ክብ የተፈለፈለ ማሳረፊያ እንጨት አለው? ቀለሙ ምንድን ነው? መክደኛው ላይ ምን ተጽፏል?

ሌላ ምንም አልፈልግም። መድኃኒቱንም ተይው።

አጎትሽ

የካቲት 25

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ደብዳቤዎ አስጨነቀኝ። እንኳን ቀልድ፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ የለበትም። ታመሙ እንዴ? መድኃኒቱን ለምን ተዉት? እንደገና ልኬያለሁ፣ ባይፈልጉትም ይዋጡት።

ለጥያቄዎ፦ ርዝመቱ ዘጠና ሴንቲ ነው። ማሳረፊያው አለው፣ ግማሽ ክብ ነው፤ ፓምፑ እንዳይንቀሳቀስ ነው ብለውናል። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው። መክደኛው ላይ «የእርሻ መሣሪያ፣ በጥንቃቄ ይያዝ» ተብሎ ተጽፏል። የሚቀባው እኛ ጋ ስላልሆነ ጽሑፉን ያየሁት መኪና ላይ ሲጫን ነው።

አንድ ጊዜ አለቃዬን ፓምፑን አሳየኝ ብዬው ነበር። «ሳጥን ሠሪ ነሽ ፓምፕ ሠሪ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ይህን ሁሉ ፓምፕ የሚገዛ ገበሬ የት አለ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት፤ ሲደክመኝ ብዙ ነገር እተዋለሁ።

ለምን እንደጠየቁኝ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 19

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው።

የሳጥኑን ነገር እርሺው። እዚህ መደርደሪያ ልሠራ መለኪያ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባለቢጫውና ባለነጩ በአንድ ትልቅ ሆቴል ተጨባበጡ ብሎ ሬዲዮው ሲያበስር ዋለ። የሚጨባበጡት ሰዎች እኛ ጋ ወንድም የላቸውም። በዚያው ቀን ከኮረብታው አርባ ጊዜ ተተኮሰ፤ ከስምምነቱ በፊት የያዝነው መሬት ይቆጠርልን ብለው ነው አሉ። አንዱ የሚጢጢ ቤት ያለበት መንገድ ላይ ወደቀ። ከጎኗ ያለው ቤት የለም። የእሷ ጣሪያ ግማሹ ሄዷል። ሐሙስ ነርሷ እስክትመጣ አራት ቀን ውሃ እንኳ አልወረደልኝም። ሦስቱም አሉ፤ ታናሺቱ ግን ቃል መተንፈስ ትታለች።

ወረቀቱን አፍጥኚው። የፈለጉትን ሁሉ ፈርሚላቸው። ሥራሽን ደህና አድርገሽ ያዢ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 11

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ወረቀቱ ወጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሦስት ስም፣ ሦስት ማኅተም። ሳየው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ተራ አትዝጊ ብሎ አስነሳኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። መደርደሪያ ልሠራ ነው ብለው ጻፉልኝ። እርስዎ በሕይወትዎ መደርደሪያ ለመሥራት ከሰው መለኪያ ለምነው አያውቁም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወርቁን «ምንድን ነው የምትጭነው?» አልኩት። ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ጥርሱን ሳያሳየኝ መኪናው ውስጥ ገባ። በሩን ከዘጋው በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ደብዳቤሽ የሚደርሰው ጭነቱ ስላለ ነው፣ ይህን ብቻ እወቂ» አለኝና ሄደ።

አጎቴ፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ። የገመትኩት ከሆነ፣ ተይው ካሉኝ ነገ ጠዋት እተዋለሁ። ነገር ግን ነገ ከተውኩት የሚጢጢ ወረቀት በሠላሳ ቀን ተራ ወረቀት ይሆናል። እኔ ብቻዬን ልወስን አልቻልኩም። ሰሞኑንም ስልሳውን ሳልመታ አልወጣም።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 20

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከዚህ ደብዳቤ በኋላም አጎቴ እንድትይኝ ያድርግ።

በጥር ወር ወታደሮች ባዶ ሳጥኖች አምጥተው «እንጨት የለም፣ ከዚህ የሬሳ ሳጥን ሥራልን» አሉኝ። አንዱን ገለበጥኩት። ማዕዘኑን አየሁ። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ ኩራት ነው። እጄ ሳላዘው ሄዶ ዳሰሰው። እንዴት ያለ ሥራ ነው አልኩ። ከዚያ ምስማሩ ወደ ግራ ማጋደሉን አየሁ። ማሳረፊያው ላይ የቅምቡላ ቅባት ነበረበት። ለማፍረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ አይፈታም። ድሮ ባለነጩ የሚልከው ቅምቡላ እኩሌታው በመንገድ ሳጥኑ ፈርሶ ሲንኮታኮት ይበላሽ ነበር፤ «ዘንድሮ አንድም አልተበላሸ» ብለው ወታደሮቹ ሲደሰቱ ሰማሁ።

ዝም ያልኩት አንቺን ላለማሳዘን ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። እውነቱ፣ ብነግርሽ ትተይዋለሽ፣ ብትተይው ወረቀቱ ይቀራል ብዬ ነው። ልጄን ለማውጣት፣ በልጄ ላይ የሚወድቀውን ስታስጭኚ እያወቅሁ ዝም አልኩ። «ሥራሽን ደህና አድርገሽ ያዢ» ብዬም ጻፍኩልሽ። ማዕዘኑ የእኔ ነው። ከአንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የመታሁት።

ሚጢጢም ታውቃለች። በመጋቢት ላይኞቹ የወንዙን ዳር ምሽጋችንን ይዘውት ነበር፤ ያገኙትን ሳጥን ለሕዝቡ ለማገዶ አከፋፈሉ። ለእሷም አንድ ደረሳት። የአናጺ ልጅ ናት፣ ከአንቺ ጋር ነው ያስተማርኳት።

ነርሷ ወረቀቱን አሻገረችላት። ላይኞቹ ግን ወደ ባለነጩ አገር የሚወጣ ትልቅ ሰው ከሃዲ ነው ብለው አዋጅ አውጥተዋል። ባሏ ግንባር ያለ ሴት ድልድዩን ብትረግጥ እሱን ከኋላው ይመቱታል። ልጆች ከነርሷ ጋር ለሕክምና ብለው ማለፍ ይችላሉ። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ሴት ልጆች ብቻቸውን ተሻገሩ። እሷ ከወዲያ ቆማ ቀረች፤ ከበረንዳዬ ልብሷን ለየሁት።

ሁለት ቀን እኔ ጋ ውለው አደሩ። ታላቂቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ነገር ሁሉ ትጠይቃለች። ታናሺቱ አሁንም አትናገርም። ወርቁ ባዶ መኪናውን ይዞ ሲመለስ ይወስዳቸዋል፤ ይህን ደብዳቤም አብሮ ይሰጥሻል። አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ተይው ወይም አትተይው እንድልሽ ጠይቀሻል። ብትተይው ልጆቹ በሠላሳ ቀን እዚህ ጣሪያ ሥር ይመለሳሉ። ባትተይው እናታቸው ያለችበትን ታውቂዋለሽ። አንዱንም ቃል ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ አልሄድ ይለኛል። ልጄ፣ አቃተኝ። ማዘዝ እንጂ ሌላ የማላውቅ ሰው፣ ዛሬ አንድ ትእዛዝ አጣሁ።

አጎትሽ

ሰኔ 8

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ልጆቹ በሰላም ደርሰዋል፣ ልብዎን ያሳርፉ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት እነሱ አጠገቤ ቆመው ነው፣ ግቢው መሐል፣ ወርቁ ለሚቀጥለው ጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ። ጨርሼ ቀና ስል ሁለቱም ያዩኛል። ሚጢጢን በልጅነቷ ነው የመሰሉት። ፊታቸውን ለማየት አፍሬ ሻንጣቸውን አነሳሁ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሁለት ልብስና አንድ ማበጠሪያ ብቻ ነበር።

አልወቀስኩዎትም። ልወቅስዎት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እኔም አስቤ የተውኩትን ጽፌልዎት ነበር። ሰው የሚያውቀውን እንዳላወቀ ሆኖ መኖር ይችል እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

ቤቴ አንዲት ክፍል ናት። አጠብኳቸው፣ አበላኋቸው፣ አልጋዬን ሰጠኋቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን ስሠራላት ታላቂቱ ድንገት ብድግ ብላ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ትምህርት ቤት ግጥም እንደምታነብ ልጅ እጇን ወደ ጎን አድርጋ።

«እማዬ የሰጠችኝ መልእክት አለ» አለችኝ። «ድልድዩ ላይ እንዳይወስዱብን በቃሌ ነው ያስያዘችኝ። ብዙ ጊዜ አስደገመችኝ።»

«ንገሪኝ» አልኳት።

«‹ሳጥኑን አይቼዋለሁ። የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራዋን እንዳትተው በያት። እናንተ እዚያ እስካላችሁ ድረስ አንድም ቀን እንዳትቀር በያት። እኔ አልተቀየምኳትም።›»

ከዚያ ዓይኔን እያየች «የትኛው ሳጥን ነው?» አለችኝ። ማበጠሪያውን ሳነሳ «በትክክል አልኩት?» ብላ ጠየቀች። በትክክል ነው ያልሽው አልኳት፤ ተቀመጠችና ፀጉሯን ጨረስኩላት።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ትምህርት ቤት አስመዝግቤ፣ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ሥራ ገባሁ።

የእህትዎ ልጅ